እስከ ጉልበት የተሰፋ መጋረጃ

ያን ሰው ይቅር አላልኩትም። አንባቢ ይቅርታዬን እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ እንዳይደክም ይህን ከመነሻው ብናገር ይሻላል። ዕድሜዬን በዜና ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ያየሁትን ከሰማሁት፣ የሰማሁትንም ከጠረጠርኩት ለይቼ ማስቀመጥ ልማዴ ነው። ቂሜንም ያስቀመጥኩት እንደዚሁ ነው፤ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም።

ስሙን አልጽፍም። ልጆች አሉት፤ ልጆቹ ምንም አላደረጉኝም። ኃላፊው እያልኩ እጠራዋለሁ። በዚያ ዘመን ፊቱ ቆሜ “እርስዎ” ስለው ኖሬያለሁ። እዚህ ግን ብዕሩ የእኔ ስለሆነ “እሱ” ይበቃዋል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሕገ መንግሥት ጸድቆ ለብሔራዊ ሸንጎ ተወካዮች የሚመረጡበት ዓመት ነበር። እኔ የመንግሥት ራዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ደግሞ መካኒሳ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ። ቤታችን ነፋስ ስልክ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ። ከእኛ ጋር እናቷ ይኖሩ ነበር።

አማቴ መካኒሳ ገበያ ቅቤ ሲነግዱ የኖሩ፣ ምላሳቸው ከሚዛናቸው የፈጠነ ሴት ነበሩ። ከምርጫው በፊት በነበረው ክረምት ግራ ጎናቸው ድንገት ከዳቸው። አእምሯቸውና ምላሳቸው እንዳለ ሆኖ ግራ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየጊዜው ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፤ ቁስሉ ካመረቀዘ ደግሞ ይገድላል። ባለቤቴ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ታገላብጣቸዋለች። ምሳ ሰዓት ሰው ፊት ለፊት ተፋጥጦ በሚቀመጥበት፣ “ውይይት” በምንለው ታክሲ መጥታ ታገላብጣቸውና ተመልሳ ትሄዳለች። ማታም እንዲሁ። እኔም ሞክሬያለሁ።

“ልጄ፣ አንተ እንደ ጆንያ ነው የምትገፋኝ” አሉኝ። “እሷ ግን እንደ ሰው ነው የምታዞረኝ። ይልቅ ራዲዮህን ክፈትልኝ።”

ባለቤቴ ከዚያ ጤና ጣቢያ ብትነሣ አማቴ ይሞታሉ። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር። ኃላፊውም ያውቀዋል፤ ምሳ ሰዓት ቀደም ብላ ለመውጣት ፈቃድ የምትጠይቀው እሱን ነበርና።

ኃላፊው ሐኪም አልነበረም። የጤና ጣቢያው አስተዳዳሪና የፓርቲው ሰው ነበር፤ በዚያ ዘመን ሁለቱ ሥራዎች ብዙ ጊዜ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። ወንበር ይወድ ነበር። ስብሰባ ሲጠራ ሌላው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ለእሱ ግን መደገፊያ ያለው ወንበር ከቢሮው ተሸክመው ያመጡለታል። ይህን ለምን እንደጠቀስኩ በኋላ ይታያል።

ምርጫው ሊደርስ ሲል ሳምንታዊው የውይይት ክበብ ስለ ምርጫ ብቻ ሆነ። በስብሰባው ላይ እኔ አልነበርኩም። የተባለውን ከባለቤቴም ከጽዳት ሠራተኛዋም ለየብቻ ሰምቼ አመሳክሬዋለሁ፤ ቃላቸው ገጠመ።

በአካባቢያችን የቀረቡት ዕጩዎች ሦስት ነበሩ። ፊደል ለማያውቅ እንዲመች ለእያንዳንዳቸው አንድ የሥዕል ምልክት ተሰጥቷቸዋል። ሦስቱም በፓርቲው ወንፊት ያለፉ ናቸው። ፋኖስ ምልክቱ የሆነው ሰው ከላይ የተላከ ትልቅ ባለሥልጣን ነው፤ መካኒሳን በመኪና መስኮት አይቷት እንደሆነ እንጃ። ጃንጥላ የደረሰው በላፍቶ በኩል ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። ላፍቶ ያኔ እርሻ ነበር። ባለቤቴ ለክትባት ወደዚያ ስትወርድ ክፍል የሚለቅላት፣ የክትባቱን ሣጥን በጭቃው ውስጥ ራሱ የሚሸከምላት ይህ ሰው ነበር። ለምርጫው የገባው ለማጀቢያ እንደሆነ እሱም ያውቃል። ሦስተኛው ቁልፍ ነው። ስለ ቁልፍ ዛሬም ቢሆን የማውቀው ነገር የለም።

“ጓዶች፣ ይህ ጤና ጣቢያ ያለው አንድ ድምፅ ነው” አለ ኃላፊው። “ፋኖስ ምን ያደርጋል?”



“ጨለማን ያጠፋል!” ብሎ ራሱ መለሰ።

ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሁሉም እትዬ የሚላት የመካኒሳ ሴት፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። “ለጨለማውስ አምፖል አለን፣ ጓድ ኃላፊ። ሰኔ ገብቶ ጣሪያው እያፈሰሰ ግን ጃንጥላ ያለው ነው የተጠቀመ” አለች።

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ።

“እትዬ፣ ይሄ የቀልድ ቦታ አይደለም።”

“እኔ መች ቀለድኩ? ባልዲ የምደቅነው እኔ አይደለሁ!”

ሳቁ አልጣመውም። ከዳር ጀምሮ እያንዳንዱን ማንን እንደሚመርጥ በስሙ እየጠራ ጠየቀ። ፋኖስ፤ ፋኖስ፤ ፋኖስ። እትዬ እንኳ ወደ ጣሪያው እያየች “እንግዲህ ፋኖስ” አለች። ባለቤቴ ጋ ደረሰ።

“ሲስተር፣ አንቺስ?”

“እኔ ካርዴን ይዤ ስገባ እወስናለሁ።”

“እዚህ መካከል የሚደበቅ ነገር የለም።”

“የሚደበቅ ነገር ኖሮኝ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ምጥ ይዟት የምትመጣን ሴት የማን ደጋፊ ነሽ ብዬ አላውቅም። እኔም ባልጠየቅ ደስ ይለኛል።”

“ገለልተኛ ነኝ ነው የምትይው?” ወደ ሌሎቹ ዞረ። “ሰማችሁ? መሃል ሰፋሪ ማለት እንዲህ ነው!”

“አዋላጅ ነኝ፣ ጓድ” አለች። “የምሰፍረው በእናትና በልጅ መሃል ነው።”

ይህን ስትል ማንም አልሳቀም። ኃላፊው እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰካ።

“የጠረፍ ጤና ጣቢያዎች ብርቱ አዋላጅ አጥተው ተቸግረዋል አሉ” አለ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እናትሽ ግን እንዴት ናቸው?”

ይህችን ጥያቄ ነው ያልረሳሁለት። ዛቻ ለምጃለሁ፤ በዛቻ መካከል የኖርን ሰዎች ነን። የታመመ ሰው ጤና እየጠየቁ መዛትን ግን ከእሱ በፊት አልሰማሁም።

የምርጫው ቀን እሑድ ነበር። ለእኛ አካባቢ የተመደብኩት ዘጋቢ እኔ ነበርኩ፤ ሰፈሬ ስለሆነ መኪና አያስፈልግህም ብለው። መቅረጫዬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ በጠዋት ቀበሌው አዳራሽ ደረስኩ፤ የጤና ጣቢያው ሠራተኞችም የሚመርጡት እዚያው ነው። ሌሊት ዘንቦ ደጁ ጭቃ ሆኗል። ሰልፉ ከበሩ እስከ መንገዱ ይዘልቃል፤ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ሴቶች ነጠላቸውን ከጭቃው ሰብስበው።

ድምፅ አሰጣጡ እንዲህ ነው። መራጩ ካርድ ይቀበላል። ብቻውን መጋረጃ ውስጥ ይገባል። ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት ሣጥኖች በረድፍ ተደርድረዋል፤ መግቢያው ጋ ፋኖስ፣ መካከሉ ላይ ቁልፍ፣ ዳር ላይ ጃንጥላ። ካርዱን ከፈለገው ሣጥን ይከትና በሌላው ጫፍ ይወጣል። መጋረጃ ስላለ ምስጢር ነው። የእኛም ራዲዮ ሳምንቱን ሙሉ ምስጢር ነው ሲል ከርሟል።

መጋረጃው ከጤና ጣቢያው የመጣ አንሶላ ነበር። ያዋሰው ኃላፊው ነው። በጤና ጣቢያ በአልጋና በአልጋ መካከል የሚጋረደው ጨርቅ ወለል አይነካም፤ ለመወልወል እንዲመች እስከ ጉልበት አጥሮ ነው የሚሰፋው። ነርሶቹም መጋረጃ ሳይገልጡ ማን ውስጥ እንዳለ የሚያውቁት ከታች በሚታየው ጫማ ነው። ኃላፊው የምርጫውን መጋረጃ ያሰፋው በዚሁ ልክ ነው። አንሶላው ጭቃ እንዳይነካ ነው ብሎ ነበር፤ ማንም ሁለተኛ አላሰበበትም።

እኔ ያሰብኩበት አጭሯን የዱካ መቀመጫ ሳይ ነው። ኃላፊው በታዛቢነት ከመጋረጃው ትይዩ ተቀምጧል፤ ግን ወንበር ላይ አይደለም። ያ ያለ ወንበር የማይቀመጥ ሰው ከመሬት እምብዛም ከፍ በማትል ዱካ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩ ሥር ሊደርስ ምንም አልቀረው።

“ጓድ፣ ወንበር ላምጣልዎ?” አለው አንድ የቀበሌ ወጣት።

“ተወው። ከሕዝቡ ጋር ዝቅ ብሎ መቀመጥ ነው የሚሻለው።”

ከዚያ በኋላ ዓይኑን ተከተልኩት። የሚገባውን ሰው ፊት አያይም፤ የሚያየው ወለሉን ነው። እግሩ መግቢያው ላይ ፋኖስ ፊት ከቆመ ፊቱ አይለወጥም። ካልቆመና ወደ ውስጥ ካለፈ ግን ቀና ብሎ የሚወጣውን ሰው እስኪያልፍ ድረስ ይመለከተዋል። ሰውየው የሚያነበው ጫማ ነበር።

ባለቤቴ በጭቃ ቀን የምታደርገው ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ ነበራት። ከሰልፉ ተነጥዬ ልነግራት አልቻልኩም፤ በሁሉም ፊት ማንሾካሾክ ራሱ ወንጀል ይሆንባት ነበር። ተራዋ ደርሶ ገባች። ሰማያዊው ኮንጎ ፋኖስ ፊት አልቆመም። ቁልፍንም አለፈ። ዳር ላይ ደርሶ ቆመ፤ ሲቆምም ሁለቱን ጫማ አስተካክሎ ገጥሞ ነው፣ መዝሙር ሲዘመር እንደሚቆም ሰው። ኃላፊው ቀና አለ።

ወጥታ አጥሩ ጋ ስንገናኝ፣ “መጋረጃውን አይተሽዋል?” አልኳት።

“ገና ስገባ። ወለሉ ላይ ብርሃን ነበር።”

“ታዲያ?”

“ዱካው ላይ የተቀመጠውን ሰው ጫማ አየሁት። እሱ የእኔን ካየ እኔም የእሱን አይቻለሁ። በሰው ጫማ ፈርቼ ሣጥን አልቀይርም።” ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። “እማማን ግን አሰብኩ። መቆሜን ከጨረስኩ በኋላ ነው ያሰብኩት።”

ፋኖስ አሸነፈ። ይህ ማንንም አላስገረመም።

በሳምንቱ መጀመሪያ ባለቤቴን ቢሮው ጠራት። ከጠረፍ ጤና ጣቢያዎች ለአንዱ ብርቱ ሰው በአስቸኳይ ስለሚያስፈልግ አንቺን በመልካም ሥራሽ አቅርቤሻለሁ አላት። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ፈርሞ ሲመልስ ትሄዳለች፤ ከወሩ መጨረሻ አያልፍም። አውቶቡስ ቀናት የሚሄድበት፣ ከዚያም ወንዙ ካልሞላ ብቻ የሚደረስበት ቦታ ነው። “እናቴ አለችብኝ” አለችው። “እናት የሌለው ማን አለ?” አላት።

ማታ ለአማቴ የነገርናቸው አብረን ነው። ባለቤቴ እያገላበጠቻቸው ነበር። ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደሆነ ሰሙን።

“አዙሪኝ” አሉ በመጨረሻ። አዞረቻቸው። እኔን አዩኝ። “አንተ ልጅ፣ አገር ሙሉ የሚሰማው አፍ አለህ ይሉሃል። ለምንህ ነው?”

“እማማ፣ አፉ የመንግሥት ነው፤ የእኔ አይደለም።”

“ሰውየውስ የማነው? የመንግሥት አይደል? ያው አፍ ይብላው እንጂ!” ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። “እሱ ከዚያ ወንበር ሲነሣ ሳልሰማ እኔ ከዚህ አልጋ ወደ መቃብር አልሄድም። ብያለሁ።”

ያን ሌሊት አልተናደድኩም። ንዴት ሥራ ያበላሻል። ሥራዬን አሰብኩ።

በራዲዮአችን የመሥሪያ ቤቶችን ተሞክሮ የሚያቀርብ ዝግጅት ነበረን። ጥሩ ሠራ የተባለ ተቋም ኃላፊ ቀርቦ ሌሎች እንዲማሩበት እንዴት እንደሠራ ይናገራል። ሁሉም ኃላፊ እዚያ መቅረብ ይመኝ ነበር፤ የላይኞቹ ያዳምጡታልና። በማግስቱ ለአለቃዬ የጤና ጣቢያውን ተሞክሮ ልሥራ አልኳቸው።

“ጤና ጥሩ ነው” አሉኝ። “ጤና ማንንም አያስቀይምም።”

መቅረጫዬን ይዤ ስገባ ኃላፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ። ያን ቀን የሠራው ስህተት እንደ እሱ ያለ ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው። ዕድሜውን ደጅ ሲጠና፣ ደጁም ሲጠና የኖረ ስለነበር የባለጉዳይ ባል በደጁ ሲመጣ አንድ ትርጉም ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላው ሰው ሙክት ጎትቶ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ራዲዮ ይዤ የመጣሁ መሰለው።

“ትመጣለህ ብዬ ነበር” አለኝ። ሻይ አስመጣ። “ቂም እንዳትይዝ፣ ጓድ። የሕዝብ ጉዳይ ነው።”

“ምን ቂም አለ፣ ሥራ ነው” አልኩት። እውነቴን ነበር።

ቴፑን አስነሣሁ። ስለ ክትባት ጠየቅኩት፤ መለሰ። ስለ ጽዳት ጠየቅኩት፤ እትዬ የምትሠራውን ሁሉ እንደ ራሱ ሥራ ዘረዘረ። ከዚያ፣ “በምርጫው የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ተሳትፎ የተመሰገነ ነበር። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሊወስዱት የሚችሉት የተለየ ተሞክሮ ምንድን ነው?” አልኩት።

ስለ ንቃትና ስለ ውይይት ክበብ ተናገረ፤ ሁሉም የሚለውን ነው ያለው። ጨረሰ። እኔ አልተናገርኩም፤ ማይክሮፎኑንም ከአፉ አላነሣሁም። ከሙያዬ የተማርኩት ትልቁ ጥያቄ ዝምታ ነው። ክፍት ማይክሮፎን ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ባለሥልጣን አላጋጠመኝም።

“ሌላው…” አለ። ፈገግ አለ። “ሌላው ጣቢያ ያላሰበበት እኛ ያሰብንበት አንድ ነገር አለ። መጋረጃውን እስከ ጉልበት ነው ያሰፋነው። ገባህ? ሰው በአፉ ፋኖስ ይላል፤ ገብቶ ሌላ ያደርጋል። አፉ ይዋሻል፤ እግሩ ግን አይዋሽም። ዝቅ ብለህ ከተቀመጥክ እያንዳንዱ ሠራተኛ የትኛው ሣጥን ፊት እንደቆመ ታየዋለህ። እርምጃም ትወስዳለህ! ከዚህ በኋላ በሚደረገው ምርጫ ሁሉም መሥሪያ ቤት ይህን ቢወስድ የሕዝባችንን አንድነት ከፍ እናደርጋለን።”

ቴፑን አቆምኩ።

“ይህን እንዳለ ላስተላልፈው?”

“እንዳለ!” አለኝ። ቴፑን መልሼ እያስነሣሁ ነበር። “ቆርጠህ እንዳታበላሽብኝ! አንድ ቃል እንዳትነካ።”

በሩ ድረስ ሸኘኝ። “የሲስተርን ነገር ደግሞ ዝግጅቱን ከሰማሁ በኋላ እናየዋለን” አለ፤ ትከሻዬንም መታ መታ አደረገኝ።

አንድም ቃል አልነካሁበትም። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ጽሑፍ ከመተላለፉ በፊት ተቆጣጣሪ ያነብበውና ይፈርምበታል። የተቀረጸ ድምፅ ግን በጽሑፉ ላይ የሚመለከተው መጀመሪያውና መጨረሻው ብቻ ነው። “ድምፅ፤ ሌላው ከሚለው እስከ አንድነት ከፍ እናደርጋለን” ብዬ ጻፍኩ። ተቆጣጣሪው አነበበ። የሕዝብ አንድነትን ከፍ ማድረግ ምን ይወጣለታል? ፈረመ።

ዝግጅቱ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ተላለፈ። ራዲዮው ከአማቴ ትራስ አጠገብ ነበር፤ ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ምን እንደሠራሁ አልነገርኳቸውም ነበር። “አፉ ይዋሻል፤ እግሩ ግን አይዋሽም” ሲል ባለቤቴ ብድግ አለች። አማቴ በጤነኛው እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

“አንተ!” አሉ። “ይኼ ሰውዬ ራሱን በራሱ ከሰሰ እኮ!”

“እማማ፣ እኔ ተሞክሮ ነው የጠየቅኩት።”

ሳቁ። ጎናቸው ከከዳቸው ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አልሰማሁም ነበር። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። “አንተንስ ምን ያደርጉሃል?” አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ስልክ እጀታው ተነሥቶ በጎኑ ተቀምጧል፤ ሲጮህባቸው አድሯል ማለት ነው።

“ያን ቴፕ ሳታዳምጠው ነው የላክኸው?”

“አዳምጬዋለሁ።”

“ምስጢር ነው ብለን ለዓለም ስንናገር ሰንብተን እኛው ራዲዮ ላይ…” ወደ ስልኩ ጠቆሙ። “ያን ቦታ መቁረጥ አትችልም ነበር?”

“እንዳልቆርጥ ታዝዤ ነው።” ቴፑን ይዤ ነበር የገባሁት፤ አስነሣሁላቸው። “ቆርጠህ እንዳታበላሽብኝ! አንድ ቃል እንዳትነካ” አለ ኃላፊው በራሱ ድምፅ።

አለቃዬ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በንዴት ይሁን በሳቅ ዛሬም ማረጋገጥ አልችልም። ሳይዞሩ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ስፖርት ትዘግባለህ። ውጣ” አሉኝ።

ስፖርት ዘገብኩ። ተቆጣጣሪውም ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቴፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ኖረ፤ ሰላምታም ነሳኝ።

ኃላፊውን ከቀበሌው በላይ ያለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጠራው። እንዲህ አላልኩም ብሎ እንደነበር የነገረኝ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። አላልኩም ያለ ሰው ድምፁን ሲያሰሙት ምን እንደሚሆን መገመት ለአንባቢ እተዋለሁ። አንድ ነገር ግን በትክክል መመዝገብ አለበት። የላይኞቹ የተቆጡት የሠራተኛው ምስጢር በመታየቱ አልነበረም። የተቆጡት በአፍ በመነገሩ ነው። መጋረጃውን አልወቀሱትም፤ አፉን ነው የወቀሱት። ፍትሕ አልነበረም። እኔም የፈለግኩት ፍትሕ አልነበረም፤ ከዚያ ወንበር እንዲነሣ ነበር።

ተነሣም። ለመቅጣት ሩቅ ቦታ ሲፈለግ ፍለጋው አልረዘመም። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያ የጠረፍ ጣቢያ ብርቱ ሰው በአስቸኳይ እንደሚያስፈልገው የሚያስረዳ ማሳሰቢያ ነበር፤ ያስረዳውም እሱ ነው። እሱኑ ላኩት። ቦታው ስለተያዘ የባለቤቴ ዝውውር ተሰረዘ።

በእኛ አገር መሥሪያ ቤት የሚዛወር ሰው፣ የተወደደም ይሁን የተጠላ፣ ሳይሸኝ አይሄድም። ሰው ያዋጣል፤ ለስላሳና ዳቦ ይቀርባል፤ ለበለጠ ኃላፊነት ስለተመረጡ እንኳን ደስ ያለዎ ይባላል፤ ስጦታ ይሰጣል። ጤና ጣቢያው ኮሚቴ አቋቋመ። ስጦታ እንድትገዛ የተመረጠችው እትዬ ናት። ባለቤቴን ኮሚቴው ውስጥ ግቢ ቢሏት እምቢ አለች። “ለእሱ አላዋጣም፤ አልከለክልምም” አለች።

እኔ ግን ሄድኩ። ባለቤቴን ልወስድ ነው የመጣሁት ብዬ በታካሚዎች መጠበቂያው በረንዳ ላይ ቆምኩ። እውነቱ ለማየት ነው የሄድኩት። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ኃላፊው በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ንግግሮቹን ሰማ። በመጨረሻ እትዬ በወረቀት የተጠቀለለ ረዘም ያለ ዕቃ ይዛ ቀረበች።

“ጓድ፣ የሁላችንም ነው” አለች። “የሚሄዱበት አገር ዝናቡ ከባድ ነው ሲሉ ሰምተን ነው።”

ወረቀቱን ቀደደ። ጥቁር ጃንጥላ ነበር።

አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም፤ ያ ሁሉ በስብሰባ ፋኖስ ፋኖስ ያለ ሰው እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ። ምን ይበል? በክረምት ጃንጥላ የሰጠን ሰው በምን ይከሰዋል? እያንዳንዱን ፊት አየ። ቀጥሎም ዓይኑ ከልማዱ ወርዶ ጫማቸውን አየ፤ ሁሉም እሱ ፊት ቆመው ነበር። እኔንም በረንዳው ላይ አየኝ። ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሳሁት።

መኪናው በሩ ጋ ቆሟል፤ ግቢውን በዶፉ ውስጥ ማቋረጥ ነበረበት። ሻንጣውን በአንድ እጁ ይዞ ደረጃው ላይ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ዘረጋው። ከበረንዳው ከፍታ ሲታይ ጃንጥላው ፊቱንም ትከሻውንም ሸፍኖታል። ግቢውን ሲያቋርጥ የሚታየን ከጉልበቱ በታች ያለው እግሩ ብቻ ነበር። መኪናው እስኪሄድ ድረስ ከበረንዳው አልተነሣሁም።

ቤት ስንገባ አማቴ ነቅተው ይጠብቁ ነበር። ባለቤቴ እርጥብ ነጠላዋን አውልቃ፣ እጇን በጨርቅ አሙቃ፣ ከትከሻና ከዳሌያቸው ይዛ ቀስ አድርጋ ወደ እኔ አዞረቻቸው።

“ሄደ?” አሉኝ።

“ሄደ፣ እማማ።”

“ይዘንብ ነበር?”

“ዶፍ።”

“ዘረጋው?”

“ዘረጋው።”

“እሰይ” አሉ። ለልጃቸውም፣ “በይ አሁን ወደ ግድግዳው መልሺኝ፤ ልተኛበት።”